በጃንሆይ ጊዜ ሳንሱር ነበረ ወይስ አልነበረም?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የታሪክ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው። እንዲህ ትላለች፦ «አያቴ በንጉሡ ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ‹በጃንሆይ ጊዜ ሳንሱር የሚባል ነገር አናውቅም፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ የፕሬስ ነፃነት ሰጥቶ ነበር፤ ሳንሱርን ያመጣው ደርግ ነው› ይላሉ። አማካሪዬ ግን የሳንሱር ሕጉን ፈልገሽ አምጪ አለኝ። ነጋሪት ጋዜጣን አገላብጬ አጣሁት። አያቴ ልክ ናቸው ማለት ነው? በዓሉ ግርማስ በመጽሐፉ ምክንያት የጠፋው በንጉሡ ጊዜ አይደለም? የድሮ አዲስ ዘመን ጋዜጦችንስ ማስረጃ አድርጌ ልጠቀም?»

ከቀላሉ ልጀምር። በዓሉ ግርማ የጠፋው በየካቲት 1976 ነው። ንጉሡ ከወረዱ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። መጽሐፉ «ኦሮማይ» የወጣውም የተያዘውም በደርግ ዘመን ነው። በንጉሡ ጊዜ በዓሉ በመነን መጽሔትና በአዲስ ዘመን ጋዜጣ በአዘጋጅነት የሠራ ሰው ነው። ያምታታሽው ከአቤ ጉበኛ ጋር ይመስለኛል። የአቤ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ወጣ። በማኅፀን ያለ ልጅ እንዲህ ባለ አገር አልወለድም ብሎ እምቢ ይላል። ወሬው ይኸው ነው። ማን ላይ እንደተወረወረ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም ነበር። መጽሐፉ ታገደ፤ ሰውየውም ወደ ጎሬ ተግዞ ዓመታት ቆየ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥሽ፤ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ አይቼዋለሁና። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት «የ1955» የሚባለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ጥቅምት 1948 ነው። የአቤ መጽሐፍ 1955 ደግሞ በእኛ ነው። ሁለቱን ባንድ ዓመት ካስቀመጥሻቸው «ነፃነት በሰጡበት ዓመት መጽሐፍ አገዱ» የሚል ድንቅ ዓረፍተ ነገር ትጽፊያለሽ። ድንቅ ነው፤ ግን ስሕተት ነው። መካከላቸው ሰባት ዓመት አለ። በዚያ ሰባት ዓመት ውስጥ ደግሞ የታኅሣሥ ግርግር፣ የ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ አለ።

አሁን ወደ አያትሽ እንምጣ። አያትሽ ግማሹን ልክ ናቸው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 የመናገርና የፕሬስ ነፃነት በመላው ግዛት የተጠበቀ ነው ይላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 42 ደብዳቤ እንዳይመረመር ይከለክላል፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካልታወጀ በስተቀር። ወረቀቱ ላይ ይህ ሁሉ አለ። የ1923ቱ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ግን ስለ ፕሬስ ነፃነት ምንም አላለም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ደረጃ መሻሻል ነበረ።

ግን አንቀጽ 41ን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ነፃነቱ «በሕግ መሠረት» ነው። ሕጉን የሚያወጣው ማን ነው? ወደ ኋላ ተመልሰሽ አንቀጽ 4ን እይ። የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት ቅዱስ ነው፤ ክብራቸው የማይደፈር ነው፤ ሥልጣናቸው አይነቀፍም። ከዚህ በኋላ ጋዜጠኛው ምን ሊተች ይችላል? ሚኒስትሩን እንዳይነካ፣ ሚኒስትሩን የሾሙት እሳቸው ናቸው። ገዥውን እንዳይነካ፣ ገዥውንም የሾሙት እሳቸው ናቸው። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም የንጉሠ ነገሥቱንና የቤተሰባቸውን ክብር መንካት፣ ሕዝብ የሚያውክ ሐሰተኛ ወሬ መንዛት ያስቀጣል ይል ነበር። «ሐሰተኛ ወሬ» ምን እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ ጋዜጠኛው አልነበረም።

አማካሪሽ ሕጉን ፈልጊ ያሉሽ በቅን ልቦና ነው። ግን ሳንሱሩ በአንድ አዋጅ ላይ የቆመ አልነበረም። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ጀምሮ የሚታተም ነው፤ ዓመት ሙሉ ብታገላብጪው እንኳ «የሳንሱር አዋጅ» ፍለጋ ጥናትሽን አይፈታውም። የሚፈታው ሌላ ጥያቄ ስትጠይቂ ነው፦ ማተሚያ ቤቱ የማን ነበር? ጋዜጠኛው ደመወዝ የሚበላው ከማን ነበር? ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት ያነበበው ማን ነው?

ከሥሩ እንየው። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» ነው። በ1890ዎቹ ካቫዲያስ የሚባል ግሪካዊ መጀመሪያ በእጅ እየጻፈ፣ በ24 ቅጂ ያህል ለቤተ መንግሥት ሰዎች ያድል ነበር። ስሙንም ያወጡለት አጤ ምኒልክ ናቸው ይባላል። ልብ በይ፤ ጋዜጣው ሲወለድ አንባቢው ቤተ መንግሥት ነው። ደራሲው፣ ፈቃጁ፣ አንባቢው ሁሉ ባንድ ግቢ ሲገናኙ ሳንሱር የሚባል ቢሮ ምን ያደርጋል?

የመጀመሪያው ግልጽ እገዳ የመጣው በጋዜጣ ሳይሆን በቴአትር ነው። በ1910ዎቹ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚል ተውኔት ጻፉ። አውሬዎቹ ይናገራሉ፤ ሹማምንቱ ራሳቸውን ያዩበታል። ንግሥት ዘውዲቱ ከለከሉት። ከዚያ በኋላ ቴአትር ለዓመታት ቀዘቀዘ። እንግዲህ ሳንሱርን ደርግ አመጣው የሚለው እዚህ ላይ ያበቃል። ደርግ የተረከበው ነው፤ አስፍቶና አጥብቆ፣ ደምም ጨምሮበት።

አሁን እኔ ራሴ በጣም የምወደው ዘመን ይመጣል። ራስ ተፈሪ በ1914 ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። በ1917 «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ወጣ፤ ኃላፊው ገብረ ክርስቶስ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በየሳምንቱ የሚታተመው 500 ያህል ቅጂ ነበር። ዛሬ አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ እንኳ ይህ ቁጥር ያስቃል። ግን ጋዜጣው ውስጥ የነበረው ነገር አያስቅም። የተማሩ ወጣቶች ስለ አስተዳደር ብልሹነት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ፍርድ መጓደል ይጽፉበት ነበር። በኋላ በአዲስ ዘመን ለብዙ ዓመታት የማታገኚውን ድፍረት አንዳንድ ገጽ ላይ ታገኛለሽ።

ለምን? ሕጉ የተሻለ ስለነበር? የፕሬስ ሕግ እንኳ አልነበረም። ምክንያቱ ቤተ መንግሥቱ ለሁለት ተከፍሎ ስለነበር ነው። በአንድ ወገን ንግሥቲቱና የድሮዎቹ መኳንንት፣ በሌላ ወገን አልጋ ወራሹና ተራማጆቹ። ጋዜጣው የአልጋ ወራሹ መሣሪያ ነበር። የድሮውን ሥርዓት የሚተች ሁሉ ለራስ ተፈሪ ይጠቅማል። ስለዚህ ይታተማል። ንግሥቲቱ በ1922 አረፉ፤ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆኑ። አሁን ትችቱ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ።

ይህን ያዢልኝ፤ የጥናትሽ አከርካሪ መሆን ያለበት ይህ ነው። በንጉሡ ዘመን ጋዜጣ የሚናገረው ቤተ መንግሥቱ ሲከፈል ነው። ቤተ መንግሥቱ አንድ ሲሆን ሕገ መንግሥቱ ምንም ይበል ምን፣ ጋዜጣው ዝም ይላል። መጨረሻ ላይ በ1966 ዳግም ታዪዋለሽ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ያለውን አሠራር እንይ። ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ገቡ፤ ግንቦት 30 አዲስ ዘመን ወጣ። ስሙ ራሱ ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ ካሰሙት ቃል የተወሰደ ነው። ጋዜጣና ማስታወቂያ የሚባለው ክፍል መጀመሪያ በጽሕፈት ሚኒስቴር ሥር ነበር። የጽሕፈት ሚኒስትሩ ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ናቸው፤ ከንጉሡ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ሰው። የንጉሡን ማኅተም የሚይዘው መሥሪያ ቤት ነው ጋዜጣውንም የሚይዘው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አለ? በኋላ ማስታወቂያ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ሆነ፤ ዝምድናው ግን አልተበጠሰም።

አንድ ዜና ከጋዜጠኛው ብዕር እስከ ጎዳና ስንት እጅ ያልፋል? ጋዜጠኛው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የሚሾመው በደብዳቤ፣ የሚነሣውም በደብዳቤ ነው። አዘጋጁ ከበላዩ ካለው ኃላፊ ጋር ይመካከራል። ከዚያ ፊደል ለቃሚው አለ፤ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ የሚደረድረው። ከዚያ አራሚው። ሁሉም የሚፈራው አንድ ነገር አለ፤ የንጉሡ ማዕርግ ላይ ፊደል እንዳይገደፍ። በሌላ ዜና ላይ «ተ» ቢቀር ማረሚያ ይወጣል። «ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ላይ ቢቀር ግን ጣጣው ሌላ ነው።

የፊት ገጹን እይ። ቅርጹ አይለወጥም፤ ፎቶው የንጉሡ ነው፤ ርዕሱ ግርማዊነታቸው ጎበኙ፣ ተቀበሉ፣ መረቁ፣ ሸለሙ ነው። ግሡ ሁሉ «አሉ» እና «ኡ» እያለ ይሰግዳል። የውጭ አገር ጦርነት ቢነሣ፣ ከችግኝ ጣቢያ ጉብኝት በታች ሊገባ ይችላል። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ይስቃሉ። እኔ ግን አትሳቁ፣ ቁጠሩ እላቸዋለሁ። በአንድ ወር ውስጥ ንጉሡ ያልታዩበት የፊት ገጽ ስንት ነው? ያ ቁጥር ከማንኛውም አዋጅ በላይ ይነግርሻል።

መጽሐፍ ደግሞ ሌላ በር አለው። ትልቁ ማተሚያ ቤት፣ ብርሃንና ሰላም፣ የመንግሥት ነው። የግል ማተሚያ ቤቶችም ነበሩ፤ ግን ባለቤቱ ንብረቱን ይፈራል። ያልታየ ረቂቅ አትሞ ነገ ማሽኑ ቢታሸግስ? ስለዚህ የተፈቀደ መሆኑን ሳያረጋግጥ እጁን አይነካም። ደራሲዎችም ብልሃት አበጁ። መግቢያው ላይ የንጉሡ ፎቶ ይወጣል፤ ምስጋና ይደረደራል፤ ታሪኩ «በጥንት ዘመን» ወይም «በአንድ ሩቅ አገር» ይሆናል። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ብቻ የተፈጠረ አይምሰልሽ። አቤ ላይ የደረሰው የሚያሳየን ግን ይህ በር ቀዳዳ እንደነበረው ነው። መጽሐፉ ታትሟል፤ አንባቢ እጅ ገብቷል፤ የተያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ሳንሱሩ ሁሉን የሚያይ ማሽን አልነበረም። ሰነፍም ነበር፤ የማያነብም ሹም ነበረበት።

ቅጣቱም ሁሌ ግዞት አይደለም። ንጉሡ የሚያስቸግራቸውን የተማረ ሰው ራቅ ወዳለ አገር በሹመት መላክ ያውቁበታል። በኋላ የታኅሣሥ ግርግርን ከመሩት አንዱ የሆነው ገርማሜ ንዋይ ወላይታ፣ ቀጥሎም ጅጅጋ የተላከው እንዲህ ነው። ለጋዜጠኛ ደግሞ ከአዘጋጅነት አንሥቶ ሥራ የሌለው ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ይህ ዓይነቱ ቅጣት መዝገብ ላይ «ዝውውር» ተብሎ ነው የሚገኘው። አያትሽ ሳንሱር አላየሁም ቢሉ አይገርመኝም። ሳንሱር የሚታየው ለሚጽፍ ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን አንዳንዴ ዝውውር መስሎት ያልፋል።

ኤርትራ የተለየ ምዕራፍ ናት፤ በአጭሩ ልለፈው። በ1945 ከኢትዮጵያ ጋር ፌዴሬሽኑ ሲጀመር የራሷ ሕገ መንግሥት ነበራት፤ የፕሬስ ነፃነትም ነበረበት፤ ፓርቲዎችና ጋዜጦችም ነበሩ። እዚያ ዝም በሉ ማለት ብቻ አልበቃም። «ድምፂ ኤርትራ» የተባለው ጋዜጣ ተዘጋ፤ አዘጋጆቹም ተከሰሱ። ሳንሱሩ ራሱን ለመግለጥ የተገደደበት ቦታ ይህ ነው። ትግርኛ ወይም ዐረብኛ የምታነቢ ከሆነ ከአዲስ አበባው የበለጠ ሰነድ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

ዩኒቨርሲቲውን ግን አትዝለዪው። በ1953 የታኅሣሥ ግርግር ከከሸፈ ጥቂት ወራት በኋላ ተማሪው ታምሩ ፈይሳ «ድኃው ይናገራል» የሚለውን ግጥም በኮሌጅ ቀን መድረክ ላይ አነበበ። ጋዜጣ ላይ የማይወጣው ነገር በግጥም ወጣ። ወዲያው ግጥሞች ከመድረክ በፊት ይታዩ የሚለው ነገር መጣ፤ ተማሪና አስተዳደር ተጋጨ፤ ከትምህርት የታገዱም ነበሩ። በኅዳር 1962 የዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ የወጣው የተማሪዎች ማኅበር ልሳን በነበረው «ስትራግል» ላይ ነው። በታኅሣሥ 19 የማኅበሩ መሪ ጥላሁን ግዛው ተገደለ። የዚያን ሰሞን የመንግሥት ጋዜጣና የተማሪውን በራሪ ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጪ። አንድ ከተማ ውስጥ የተጻፉ አይመስሉም።

ወሎ ላይ ትንሽ መቆየት አለብኝ። በ1965 ሰው መንገድ ዳር እየወደቀ ነበር፤ የሞተው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሄደው አይተው ፎቶ አነሡ፤ ስድስት ኪሎ ላይ አሳዩ። ጋዜጦቹ ግን አገር አማን አሉ። የጠቅላይ ግዛቱ ሹም የማዕከሉን ፊት ይፈራል፤ ማዕከሉ የጃንሆይን ፊት ይፈራል፤ ጋዜጠኛው ሁሉንም ይፈራል። በመጨረሻ ወሬውን ለዓለም የነገረው ጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነው። የገዛ አገርሽን ረሀብ ከለንደን መስማት ማለት ይህ ነው። የሳንሱርን ጉዳት አንድ ምሳሌ አምጪ ብትባዪ ከታገደ ልብ ወለድ ይልቅ ይህን አምጪ። መጽሐፍ ሲታገድ ደራሲው ይጎዳል። እዚህ ላይ ግን ሰው ሞተ፤ የማይታወቅ ረሀብ እርዳታ አይመጣለትምና።

ቀጥሎ የካቲት 1966 መጣ። በጥር ነገሌ ላይ ወታደሩ አምፆ ነበር፤ አሁን መምህራን አደሙ፤ ታክሲዎች ቆሙ። ካቢኔው ወረደ፤ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያ ሰሞን የመንግሥት ጋዜጦች አፋቸው ተከፈተ። ስለ ሙስና፣ ስለ መሬት፣ ስለ ሹማምንት ይጻፍ ጀመር። አንቀጽ 41 አልተለወጠም። ጋዜጠኞቹም እነዚያው ናቸው፤ ፊደል ለቃሚዎቹም እነዚያው። የተለወጠው ማን እንደሚያዝ አለመታወቁ ብቻ ነው። በ1917 የነበረው ነገር ተመለሰ ማለት ነው።

ያም ብዙ አልቆየም። የ1967 አዲስ ዓመት ዕለት ማታ፣ መስከረም 1፣ የዲምብልቢ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ግን እንዳለ አልታየም። የቤተ መንግሥት ድግስና የንጉሡ ውሾች በረሀብተኞቹ መካከል እየገቡ ተቆራርጠው ተሰፍተውበት ነበር። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ረሀቡን የደበቀውም፣ ረሀቡን ያሳየውም በዚያው መቀስ ሠራ። በሕግ ደረጃ ሳንሱር የተከለከለው በጥቅምት 1985 በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሌላ ጥናት ነው።

አሁን ምን ታደርጊ? የድሮ ጋዜጣ ማስረጃ ይሆናል ወይ ላልሽው፣ ይሆናል፤ ግን የሚመሰክረው ስለ ራሱ ነው። አዲስ ዘመን «ሕዝቡ በደስታ ተቀበላቸው» ካለ፣ ያ ሕዝቡ መደሰቱን አያስረዳም። እንዲህ ተብሎ መጻፍ እንደነበረበት ያስረዳል። ሁለተኛ፣ ከ1966 በኋላ የተጻፉ ትዝታዎችን በጥንቃቄ ያዢ። በደርግ ዘመን ሁሉም ሰው በንጉሡ ጊዜ ተጨቁኖ ነበር፤ ከ1983 በኋላ ደግሞ ብዙው ሰው ጃንሆይን ናፈቀ። አያትሽም ከዚህ ውጭ አይደሉም፤ እኔም ብሆን።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። «የሳንሱር ሕግ» የሚለውን ርዕስ ተዪው። «በማን ዘመን፣ ማን፣ ምን ማተም ቻለ» በሚለው ተኪው። ሃምሳ ዓመቱን በሙሉ አትንኪ፤ ጊዜሽም አይበቃም። ሦስት መስኮት ብቻ ክፈቺ፦ ከ1917 እስከ 1922፣ ታኅሣሥ 1953፣ ከጥር 1966 እስከ መስከረም 1967። ሁለት ዓመት ከሌለሽ የመጨረሻውን ብቻ ውሰጂ። ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ሂጂ፤ ስድስት ኪሎም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ግቢ። ያ ሕንፃ የንጉሡ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንደነበር ሳትረሺ ተቀመጪ። አዲስ ዘመንን ቀን በቀን ገልጠሽ፣ በዚያው ቀን የተከሰተውን ከሌላ ምንጭ በጎኑ ጻፊ። ባዶ የቀረው መስመር ላይ ነው የምትሠሪው።

አያትሽን ደግሞ ሳንሱር ነበረ ወይ ብለሽ አትጠይቂያቸው። መልሱን አስቀድመው ያውቁታል። ይልቅ ቡና ሲፈላ ጠጋ በይና፣ «አባባ፣ መሥሪያ ቤት እያሉ ደብዳቤ ጽፈው ሳይልኩት የቀሩበት ቀን ነበር? ምን የሚል ነበር?» በያቸው። መቅረጫሽን አስቀድመሽ ክፈቺ።